የሳመርተን ወረዳ ተማሪ ቤቶች ታሪክ፤ ስለ አንድ አውቶቡስ የተነሣ ክርክር

የአንዲት ትንሽ ወረዳ የተማሪ ቤት ወሬ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በጥቂት መስመር ነው። አስተማሪ ተቀጠረ፤ ጣራው ታደሰ፤ ለምድጃው ማገዶ ተገዛ፤ ዘንድሮ ይህን ያህል ልጆች ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ የወላጆች ስብሰባ በዚህ ቀን ይሆናል ይላል። የሩቅ ሰው ይህን ሲያይ ከቁም ነገር ሳይቈጥረው ያልፍና ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈውን ይፈልጋል። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ ልጆቹን በምን ዓይን እንደሚመለከት፥ ማንን እንደ ልጅ ማንንም እንደ ባዕድ እንደሚቈጥር ለማወቅ የሚወድ ሰው ከእነዚህ ከጥቃቅኖቹ መስመሮች የበለጠ ምስክር አያገኝም። ማገዶው የተገዛው ለየትኛው ተማሪ ቤት ነው? የታደሰውስ ጣራ የማን ነው? ብሎ የጠየቀ ሰው የአገሩን ፍርድ በአንድ ጊዜ ሊያነበው ይችላል።

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምንተርክልህ ከእንደዚህ ያለው ጥቃቅን ወሬ ስለ ተነሣው ታላቅ ነገር ነው። ስፍራው በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፥ በክላሬንደን አውራጃ፥ ሳመርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የከተማይቱና የአካባቢዋ ተማሪ ቤቶች 22ኛው የትምህርት ወረዳ ይባሉ ነበረ። የነገሩም መጀመሪያ ጥቂት ጥቁር ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ተማሪ ቤት የሚወስድ አንድ አውቶቡስ መለመናቸው ነው፤ መጨረሻውም የዚያ ታላቅ አገር ሕግ መለወጡ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደ ሆኑ አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ በደኅና እንዲገባን የአሜሪካ የትምህርት ወረዳ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በዚያ አገር ተማሪ ቤትን የሚያስተዳድረው በዋና ከተማ ያለው ማዕከላዊ መንግሥት አይደለም። ሥልጣኑ የየግዛቱ ነው፤ ግዛቱም ለየወረዳው ያካፍለዋል። በየወረዳው የትምህርት ጉባኤ አለ፤ ጉባኤውም አስተማሪ ይቀጥራል፥ ቤት ያሠራል፥ ከመሬትና ከቤት ከሚከፈለው ግብር የሚደርሰውን ገንዘብ ያከፋፍላል። በ1940 ዓመት ገደማ በመላው አሜሪካ የነበሩት እንደዚህ ያሉ ወረዳዎች ከ117,000 ይበልጡ ነበረ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ አንዲት ክፍል ብቻ ያላት ተማሪ ቤት ያላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እየተዋሐዱ ሄደው በእኛ ዘመን ወደ 13,000 ያህል ደርሰዋል። ይህ ሥርዓት መልካም ነገር አለው፤ ይኸውም ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ጉዳይ በቅርብ አይቶ እንዲወስን ማድረጉ ነው። ዳሩ ግን ከጎረቤቶቹ አንዱ ወገን ብቻ በጉባኤው ተቀምጦ ሌላው ወገን በደጅ የቆመ እንደ ሆነ፥ ያው ቅርብነት ቀንበር ይሆናል። ሩቅ ያለ ገዥ ቢበድል ሰው ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል፤ ጎረቤት ሲበድል ግን ወዴት ይሸሻል?

የደቡብ ካሮላይና ግዛት በ1895 ዓመት ባወጣው ሕገ መንግሥት የነጭና የጥቁር ልጆች በአንድ ተማሪ ቤት እንዳይማሩ አዘዘ። በሚከተለውም ዓመት በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ባቡር መንገደኞች በቀረበለት በሌላ ክርክር፥ የሚሰጠው ነገር እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሁለቱን ዘሮች መለየት ሕግን አያፈርስም ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ «ይለዩ፥ ነገር ግን እኩል ይሁኑ» የሚለው አሳብ የደቡብ ግዛቶች ሁሉ መደገፊያ ሆነ። ሆኖም መለየቱን ሁሉም አጥብቀው ሲጠብቁት፥ እኩልነቱን የሚጠይቅ ጠፋ።

የእኩልነቱም መጠን በክላሬንደን አውራጃ መዝገብ ላይ በቍጥር ይታያል። አውራጃው ጥጥ የሚመረትበት ለጥ ያለ አገር ነው፤ ከሕዝቡም ከ10 ሰው 7ቱ ያህል ጥቁሮች ነበሩ፤ የሚበዙትም በሰው መሬት ላይ በእኩል የሚያርሱ ድኾች ናቸው። በ1949 እና በ1950 መካከል በነበረው የትምህርት ዓመት 6,531 ጥቁር ልጆች በ61 ተማሪ ቤቶች፥ 2,375 ነጭ ልጆች ደግሞ በ12 ተማሪ ቤቶች ይማሩ ነበረ። የ61ዱ ተማሪ ቤቶች ዋጋ በጠቅላላው 194,575 ዶላር ሲሆን፥ የ12ቱ ዋጋ 673,850 ዶላር ነበረ። በዚያው ዓመት ለአንድ ነጭ ልጅ ትምህርት 179 ዶላር ሲወጣ ለአንድ ጥቁር ልጅ የወጣው 43 ዶላር ነው። ነጮቹን ልጆች የሚያመላልሱ 30 አውቶቡሶች ነበሩ፤ ለጥቁሮቹ ልጆች ግን አንድም አልነበረም። የነጮቹ ተማሪ ቤት በጡብ የተሠራ ሆኖ ውሃ በቧንቧ ሲገባለት፥ የጥቁሮቹ ቤቶች የሚበዙት ያረጁ የሳንቃ ቤቶች ነበሩ፤ ውሃው ከውጭ እየተቀዳ ይመጣል፥ መጸዳጃውም በሜዳ ነው፥ የክረምቱንም ብርድ ለመከላከል ማገዶውን የሚያመጡት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው የመንገዱ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ወደ ተማሪ ቤት ለመድረስ እስከ 9 ማይል በእግራቸው ይሄዱ ነበረ፤ ማታም ያንኑ ያህል ይመለሳሉ። በ1941 ዓመት ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል የሳንቲ ወንዝ ተገድቦ ታላቅ ሐይቅ በሆነ ጊዜ ውሃው አንዳንዱን መንገድ ስለ ሸፈነው፥ ልጆች በጀልባ እየቀዘፉ የሚሻገሩበት ቀን ነበረ። የነጮቹ ልጆች አውቶቡስ በአጠገባቸው ሲያልፍ አቧራውን ወይም ጭቃውን እየረጨባቸው ይሄድ ነበረ። ወላጆቹም ይህን አይተው ከድኽነታቸው ገንዘብ አዋጡና አንድ ያረጀ አውቶቡስ ገዙ። አውቶቡሱ ግን ዕለት ዕለት ስለሚሰበር ማሳደሻውና ቤንዚኑ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ስለዚህ ወደ ትምህርቱ ጉባኤ ሄደው ሌላውን ሁሉ እኛ እንችላለን፥ እናንተ ቤንዚኑን ብቻ ስጡን ብለው ለመኑ። የጉባኤው ሹማምንትም ጥቁሮች የሚከፍሉት ግብር ጥቂት ነው፥ ይህን ወጪ በነጮች ላይ መጫን አይገባም የሚል መልስ ሰጡ። ከብዙ ልመና በኋላ የተከለከለው ነገር እንግዲህ አንድ በርሜል ቤንዚን ነው።

በዚያ አገር ጆሴፍ ደሌይን የተባሉ ቄስ ነበሩ። የተወለዱት በ1898 ዓመት በዚያው በክላሬንደን አውራጃ ነው፤ በጥቁሮች ኤጲስ ቆጶሳዊት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሲሆኑ በተጨማሪ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። በ1947 ዓመት በጋ በኮሎምቢያ ከተማ በሚገኘው በአለን ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት በተቀመጡ ጊዜ፥ ለጥቁር ሕዝብ መብት የሚከራከረው ማኅበር የግዛቱ ሊቀ መንበር መጥተው ንግግር አደረጉ፤ በንግግራቸውም በዚህ ግዛት ስለ አውቶቡስ ክስ ለማቅረብ የሚደፍር አንድ ሰባኪ ወይም አንድ አስተማሪ አልተገኘም ብለው ተናገሩ። ቄሱ ሰባኪም አስተማሪም ስለ ነበሩ ንግግሩ በእርሳቸው ላይ እንደ ተነጣጠረ ቀስት ሆነባቸው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሌቪ ፒርሰን ወደ ተባሉ የራሳቸው መሬት ወዳላቸው ገበሬ ሄዱና ነገሩን አጫወቷቸው። ሚስተር ፒርሰንም ልጆቼ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸውና ስሜን እሰጣለሁ አሉ። በዚያው ዓመት ማመልከቻ ጻፉ፤ መልስ የሚሰጥ ቢታጣ በመጋቢት 1948 ዓመት ክሱ ለፍርድ ቤት ቀረበ።

ክሱ ግን ገና ሳይሰማ ወደቀ። የወደቀበትም ምክንያት ይህ ነው፤ የሚስተር ፒርሰን ግብር የሚከፈለው በ5ኛው ወረዳ ሆኖ ሲገኝ፥ ልጃቸው የሚማረው በ22ኛው ወረዳ ነበረ። ስለዚህ በ22ኛው ወረዳ ላይ ክስ ለማቅረብ መብት የለዎትም ተባለ። በመሬት ላይ የማይታይ፥ በወረቀት ብቻ የተሰመረ የወሰን መስመር የልጆቹን መንገድ ዘጋው። ከዚያም በኋላ የገበሬው ጭንቅ በዛ። ነጋዴዎችና ባንኩ ብድር ከለከሏቸው፤ የቈረጡትን ግንድ የሚገዛ ጠፋ፤ አዝመራው በደረሰ ጊዜ የማጨጃ መኪና የሚያከራያቸው ሰው ስላጡ እህሉ በማሳው ላይ በሰበሰ። ቤታቸውም በጥይት ተተኰሰበት። ሆኖም ሚስተር ፒርሰን አላፈገፈጉም።

በመጋቢት 1949 ዓመት ያ ማኅበር ዋና ጠበቃውን ቴርጉድ ማርሻልን ወደ ኮሎምቢያ ላከ። ጠበቃውም የክላሬንደንን ሰዎች ሰብስበው፥ የአንድ ሰው ክስ እንዴት እንደሚወድቅ አይታችኋል፤ አሁን ስለ አውቶቡስ ብቻ ሳይሆን ስለ ተማሪ ቤቱ ነገር ሁሉ የሚከሱ የማይናወጡ 20 ሰዎች ካገኛችሁ ማኅበሩ ይከራከርላችኋል አሏቸው። ዛሬ 20 ሰው ማግኘት ቀላል ነገር ይመስላል። በዚያ አገር ግን ስሙን የጻፈ ሰው ሥራውን፥ የሚያርሰውን መሬት፥ የዘር ብድሩን፥ ምናልባትም ነፍሱን አብሮ እንደሚጽፍ ያውቅ ነበረ። ስለዚህ 20ውን ስም ለመሰብሰብ ስምንት ወር ያህል ፈጀ። ስብሰባው የሚደረገው በየቤተ ክርስቲያኑ ነበረ፤ ምክንያቱም ጥቁሮቹ የራሳቸው የሆነ ሌላ አዳራሽ አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በሰኔ ስኮትስ ብራንች የተባለው የጥቁሮች ተማሪ ቤት ተማሪዎች ራሳቸው ስለ ተማሪ ቤታቸው አስተዳደርና ስለሚጠየቁት ክፍያ አቤቱታ ማሰማታቸው የወላጆቹን ልብ አበረታ። ልጅ ሳይፈራ የተናገረውን አባት ፈርቶ ሊቀመጥ አልቻለም።

በኅዳር 1949 ዓመት በሳመርተን በሃሪ ብሪግስና በሚስታቸው በኤላይዛ ብሪግስ ቤት ወላጆቹ ተሰብስበው ማመልከቻውን ፈረሙ። ሚስተር ብሪግስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገሉ ወታደር ነበሩ፤ ከጦርነቱ ተመልሰው በቤንዚን ማደያ ይሠሩ ነበረ። የፈራሚዎቹ ስም በፊደል ተራ በተቀመጠ ጊዜ የእርሳቸው ስም በራስጌ ስለ ዋለ ክሱ በስማቸው ተጠራ፤ ከተከሳሾቹም ራስጌ የጉባኤው ሊቀ መንበር ሚስተር ኤሊዮት ስለ ነበሩ የክርክሩ መዝገብ «ብሪግስና ኤሊዮት» ተባለ። በዚያው ዓመት ለልደት ዋዜማ ሚስተር ብሪግስ ከሥራቸው ተባረሩ። ሚስታቸውም በሆቴል ሠራተኛ ነበሩና ባልሽ ስሙን ካላስፋቀ ተብለው እንቢ ስላሉ እርሳቸውም ተባረሩ። ሌሎቹም ፈራሚዎች እንደዚሁ ሆኑ፤ ማረሻ መሬቱን የተነጠቀ አለ፥ ብድር የተከለከለ አለ፥ ጥጡን የሚዳምጥለት ያጣ አለ። ቄስ ደሌይንም ከነሚስታቸው ከአስተማሪነት ሥራቸው ተወገዱ።

ክሱ በቻርልስተን ከተማ በሚያስችሉት በዳኛ ዋተስ ዌሪንግ ፊት በቀረበ ጊዜ አዲስ ነገር ተነሣ። ዳኛው ከከተማይቱ የጥንት ባላባቶች ወገን የተወለዱ ነጭ ሰው ሲሆኑ፥ አባታቸውም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡብ ወገን የተዋጉ ነበሩ። ሆኖም ለብዙ ዓመት ባዩት ነገር ልባቸው ተለውጦ፥ ለጠበቃው ለማርሻል፥ ተማሪ ቤቶቹ እኩል አይደሉም ብቻ ብላችሁ አትምጡ፥ መለየቱ ራሱ ሕግን ያፈርሳል ብላችሁ ክሰሱ የሚል ምክር ሰጡ። ክሱም በታኅሣሥ 1950 ዓመት በዚህ መልክ ታርሞ ቀረበ፤ ሕጉም እንደሚያዝዘው በሦስት ዳኞች ፊት እንዲሰማ ሆነ።

በግንቦት 28 ቀን 1951 ዓመት ችሎቱ በተሰየመ ጊዜ የክላሬንደን ሰዎች ሌሊት ተነሥተው መጥተው አዳራሹንና ደረጃውን ሁሉ ሞሉት። የግዛቱ ጠበቃ ገና ክርክሩ ሲጀመር ተነሥተው፥ ተማሪ ቤቶቹ እኩል አለመሆናቸውን እናምናለን፥ መንግሥትም ሊያስተካክል ጀምሯል አሉ። ይህን ያደረጉት የጥቁሮቹን ምስክሮች ቃል ዋጋ ለማሳጣት ነው። ነገር ግን ጠበቃው ማርሻል ምስክሮቻቸውን አቀረቡ። ከምስክሮቹም አንዱ ዶክተር ኬኔት ክላርክ ነበሩ። እኝህ ሰው ወደ ሳመርተን ሄደው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን 16 ጥቁር ልጆች አንድ ነጭ አንድም ጥቁር አሻንጉሊት እያሳዩ ጠይቀዋቸው ነበረ። ከ16ቱ 10ሩ ነጩን አሻንጉሊት ወደዱ፤ 11ዱ ጥቁሩን መጥፎ የሚመስለው እርሱ ነው አሉ። እንግዲህ ጭቃ የረጨባቸው አውቶቡስ ልብሳቸውን ብቻ አልነበረም ያቆሸሸው፤ ልጆቹ ራሳቸውን የሚያዩበትን ዓይን ጭምር ነው እንጂ።

ፍርዱ በሰኔ 1951 ዓመት ወጣ። ሁለቱ ዳኞች መለየቱ በሕግ የተፈቀደ ነው፥ ነገር ግን ተማሪ ቤቶቹ በፍጥነት ይስተካከሉ ሲሉ፥ ዳኛ ዌሪንግ ብቻቸውን ተለይተው መለየት በራሱ እኩልነትን ማጥፋት ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን የከተማው ሰዎች ርቀዋቸው ነበረና በ1952 ዓመት ከዳኝነታቸው ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። ብቻቸውን የጻፉት አሳብ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሩ ሕግ ሆነ።

ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ተባለ። ከካንሳስ፥ ከቨርጂንያ፥ ከደላዌርና ከዋሺንግተን ከተማ እንደዚሁ ያሉ ክሶች ስለ መጡ አምስቱ በአንድ ዘመን ተሰሙ። ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰው የሳመርተን ክስ ነበረ፤ ዳሩ ግን በ1952 ዓመት መጀመሪያ ስለ ተማሪ ቤቶቹ መስተካከል የቀረበውን መግለጫ እንዲመለከቱት ወደ ታችኞቹ ዳኞች ተመልሶ ስለ ነበረ፥ በዚህ መካከል የካንሳሱ ክስ ቀድሞ በመዝገብ ራስጌ ዋለ። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ያንን ታላቅ ፍርድ በካንሳሱ በብራውን ስም ያውቀዋል እንጂ በብሪግስ ስም አያውቀውም። ለደቡብ ካሮላይና የተከራከሩት በ1924 ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የነበሩት ጆን ዴቪስ ነበሩ፤ ለወላጆቹ የተከራከሩት ማርሻል ናቸው። በግንቦት 17 ቀን 1954 ዓመት ሊቀ መንበሩ ኧርል ዋረን ፍርዱን አነበቡ፤ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል የሕዝብ ተማሪ ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥትን ያፈርሳል ብለው ፈረዱ።

እዚህ ላይ ታሪኩን በደስታ ዘግተን ብንሄድ ለአንባቢ የቀለለ በሆነ ነበረ፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ክርክሩ ገና ሳያልቅ የደቡብ ካሮላይና ገዥ ጄምስ በርንስ ከመቶ 3 እጅ የሽያጭ ግብር አስጥለው ለጥቁሮች አዳዲስ ተማሪ ቤቶች ማሠራት ጀምረው ነበረ፤ ስኮትስ ብራንችም አዲስ ሕንፃ አገኘ። ይህም የሆነው እኩል ካደረግናቸው መለየታቸው ይቀርልናል በማለት ነው። በልመና የተከለከለው ነገር በክስ ጊዜ ሳይለመን ተሰጠ። እንዲሁም በ1952 ዓመት የግዛቱ ሕዝብ በድምፅ ብልጫ፥ መንግሥት የሕዝብ ተማሪ ቤት እንዲያቆም የሚያዝዘውን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ አስወጣው፤ ይኸውም ልጆቹ አንድ ላይ እንዲማሩ ከታዘዘ ተማሪ ቤቶቹን ለመዝጋት እንዲመች ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ይስማማል።

በ1955 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ የሚፈጸምበትን ቀን ሳይቈርጥ፥ በተቻለ ፍጥነት ነገር ግን በማስተዋል ይፈጸም አለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ክሱ ተመልሶ የመጣላቸው የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ሕገ መንግሥቱ መለየትን ይከለክላል እንጂ ማዋሐድን አያዝዝም ብለው ተረጐሙት። በዚህም ትርጓሜ ተደግፎ ወረዳው አሥር ዓመት ቈየ። በ1965 ዓመት ጥቂት ጥቁር ልጆች ወደ ነጮቹ ተማሪ ቤት በገቡ ጊዜ ነጮቹ በዚያው ዓመት የግል ተማሪ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን እየወሰዱ ሄዱ። የሕዝቡም ተማሪ ቤቶች ፈጽመው እስኪባል ድረስ ለጥቁሮቹ ብቻ ቀሩ። ያ ብዙ የታገሉለት በጡብ የተሠራው የነጮቹ ተማሪ ቤት ኋላ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከውስጥ የነበሩት በሌላ በር ወጡ።

ስለ ሰዎቹም ፍጻሜ ጥቂት እንናገር። በጥቅምት 1951 ዓመት የቄስ ደሌይን ቤት በሳመርተን ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ነበረ፤ ነገር ግን ቤቱ ከከተማው ወሰን ውጭ ነው በማለት ቆመው ተመለከቱ። የሚስተር ፒርሰንን ክስ የጣለው የወሰን መስመር ሁለተኛ ጊዜ እዚህ ተገኘ። ቄሱ በዚያን ጊዜ በኤጲስ ቆጶሳቸው ትእዛዝ ሌክ ሲቲ ወደምትባል ከተማ ተዛውረው ነበረ። በጥቅምት 1955 ዓመት ደግሞ እዚያ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በሌሊት ቤታቸው በጥይት ተተኰሰበት፤ እርሳቸውም የተኳሾቹን መኪና ምልክት ለማድረግ ብለው መልሰው ተኰሱ። ስለዚህ የሚፈለጉት ወንጀለኛ እርሳቸው ሆኑና በዚያው ሌሊት ሸሽተው ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ሄዱ። የኒው ዮርክም መንግሥት አሳልፎ አልሰጣቸውም። በቡፋሎ ከተማ ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ ዛሬ ያች ቤተ ክርስቲያን በእርሳቸውና በዳኛው በዌሪንግ ስም ትጠራለች። የመያዣው ትእዛዝ ሳይነሣላቸው በ1974 ዓመት ዐረፉ፤ ትእዛዙ የተነሣው በ2000 ዓመት ነው። ሚስተር ብሪግስም እንጀራ ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ፥ ኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተሰደው በ1986 ዓመት ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2003 ዓመት ወስኖ በሚከተለው ዓመት ለቄስ ደሌይን፥ ለሌቪ ፒርሰን፥ ለሃሪና ለኤላይዛ ብሪግስ ታላቁን የወርቅ ኒሻን ሰጠ፤ የተቀበሉት ግን ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው፥ እነርሱ ሁሉ አስቀድመው ሞተው ነበረና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንረዳለን? ወላጆቹ የፈለጉትን ሁሉ አግኝተዋል ብንል ሐሰት ይሆናል፤ በከንቱ ደከሙ ብንልም የባሰ ሐሰት ይሆናል። ከእነርሱ በፊት በአሜሪካ ሕግ መለየት ጽድቅ ይባል ነበረ፤ ከእነርሱ በኋላ ግን የሚያደርገው ሰው ሁሉ በደል መሆኑን እያወቀና ሌላ ስም እየሰጠ አደረገው። በደል ስሙን ለመሸሸግ የተገደደበት ቀን በራሱ ላይ መፍረድ የጀመረበት ቀን ነው። ይህንንም ያደረጉት ነገሥታትና የጦር አለቆች አይደሉም፤ የቤንዚን ማደያ ሠራተኛ፥ የሆቴል አገልጋይ፥ ገበሬና የገጠር ቄስ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሳመርተን ድር 20 ስም ብቻ ነበረ።

ሁለተኛው ነገር ለተማሪ ቤት አስተዳዳሪዎችና መዝገብ ለሚጽፉ ሁሉ የሚሆን ነው። በሳመርተን ክርክር የበደሉ ታላቅ ምስክር የመንግሥቱ የራሱ መዝገብ ሆነ። 179ና 43፥ 30ና ባዶ፤ እነዚህን ቍጥሮች የጻፉ ጸሐፊዎች አንድ ቀን በፍርድ ሸንጎ እንደሚነበቡ አላሰቡም ይሆናል። በእውነት የተጻፈ ትንሽ መዝገብ ግን ዝም ብሎ ይቀመጥና ቀኑ ሲደርስ ይናገራል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ከአንዲት ትንሽ ወረዳ የተላከ የተማሪ ቤት ወሬ ባየህ ጊዜ ፈጥነህ አትለፈው። አውቶቡስ ተገዛ ሲል ማንን ይጭናል? ጣራ ታደሰ ሲል ዝናቡ አሁንም በማን ላይ ይወርዳል? ልመና ቀረበ ሲል ምን መልስ ተሰጠ? ብለህ ጠይቅ። በሳመርተን አንድ በርሜል ቤንዚን የከለከሉት ሹማምንት ነገሩን ትንሽ መስሏቸው ነበረ። የተሳሳቱት በዚህ ነው፤ ልጅ በእግሩ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ሲሆን ትንሽ የሚባል ነገር የለምና።